ለመሥራት የተፎካካሪን ይሁንታ መጠየቅ

በኮሎራዶ ግዛት ዋና ከተማ በዴንቨር ከ1947 እስከ 1995 ድረስ አንድም አዲስ የታክሲ ኩባንያ ሥራ አልጀመረም (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከተማዋ በእነዚያ ዓመታት አደገች፣ ሰፋች፣ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ሳይቀር ሠራች። የታክሲው ገበያ ግን በጥቂት ኩባንያዎች እጅ እንደተያዘ ቆየ። አመልካች ጠፍቶ አልነበረም። የሚያመለክተውን ሁሉ የታክሲን ሥራ የሚቆጣጠረው የግዛቱ ኮሚሽን ስለሚመልሰው ነው።

ኮሚሽኑ ይጠይቅ የነበረው ነገር ከሩቅ ሲሰሙት ያስቃል። አመልካቹ መኪናው ደህና መሆኑን፣ ኢንሹራንስ መግባቱን፣ የሾፌሮቹ መዝገብ ንጹሕ መሆኑን ቢያሳይ አይበቃውም። ከተማዋ ተጨማሪ ታክሲ እንደሚያስፈልጋትና ነባሮቹ ኩባንያዎች ያንን ማሟላት እንደማይችሉ ማስረዳት ነበረበት። ነባሮቹ ደግሞ ጠበቃ አቁመው «እኛ እንበቃለን» ብለው ይከራከሩታል። ዳቦ ቤት ለመክፈት የሰፈሩን ዳቦ ጋጋሪ አስፈቅዱ እንደማለት ነው። አመልካቹስ ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ የእነዚያኑ ኩባንያዎች ታክሲ በየሳምንቱ ኪራይ እየከፈለ የሚነዳ ሾፌር ነው። እሱን ለመቃወም የቆመው ጠበቃ የሚከፈለው እሱ ራሱ ከከፈለው ኪራይ ላይ ነው። በሬ ካራጁ ይውላል ይሏል ይህ ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ አራት ሾፌሮች፣ ኢትዮጵያዊ ያለበት ቡድን፣ የራሳቸውን ኩባንያ ለማቋቋም አመልክተው እንደተለመደው ተከለከሉ። ኢንስቲትዩት ፎር ጀስቲስ የተባለ፣ መንግሥት በሰው እንጀራ ውስጥ እጁን ማስገባቱን በመቃወም የሚታወቅ የጠበቆች ድርጅት ጉዳያቸውን ይዞ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄደ። በ1993 ዳኛው ፈረደባቸው። ይግባኙ መልስ ሳያገኝ ግን የኮሎራዶ ምክር ቤት በ1994 ሕጉን ለወጠ፤ በ1995 ፍሪደም ካብስ የሚባለው ኩባንያቸው መንገድ ላይ ወጣ። ፍርድ ቤት የነፈጋቸውን የሰጣቸው የግዛቱ ምክር ቤት ነበር። ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወደሱት ጠበቆቹ ናቸው፤ ምስጋናው ይገባቸዋል፣ ግን ክርክሩን ተሸንፈው ነበር።

በሩ ከተከፈተ በኋላም ቢሆን በደንብ አልተከፈተም። በ2008 ምክር ቤቱ አንድ ደረቅ የሚመስል ማሻሻያ አደረገ፤ የማስረዳት ሸክሙን ከአመልካቹ ትከሻ አንሥቶ በተቃዋሚው ላይ ጫነው። ከዚያ ወዲህ «አዲሱ ኩባንያ ሕዝቡን ይጎዳል» የሚል ወገን መጉዳቱን ራሱ ማረጋገጥ ነበረበት። በዚያው ዓመት ማይል ሃይ ካብ የተባለ፣ ኢትዮጵያዊ መሪ የነበረው የሾፌሮች ኩባንያ አመለከተ። ኮሚሽኑ ኩባንያው በገንዘብም በአሠራርም ብቁ መሆኑን ተቀብሎ ሲያበቃ ገበያው ይጨናነቃል ብሎ ከለከለው። ጉዳዩ እስከ ኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2013 ሾፌሮቹ ረቱ፤ ምክንያቱም ኮሚሽኑ አዲሱን የማስረዳት ደንብ አልተከተለም ነበር። ያቺ የ2008 ማሻሻያ ባትኖር ጠበቃቸው ምን ይዞ ይቆም ነበር?

አምስት ዓመት መጠበቅ ግን ዋጋ አለው። በሰኔ 2014 ኮሎራዶ እንደ ኡበርና ሊፍት ላሉ፣ በስልክ መተግበሪያ ሾፌርና ተሳፋሪ ለሚያገናኙ የካሊፎርኒያ ድርጅቶች ሕግ በማውጣት ከአሜሪካ ግዛቶች ቀዳሚ ሆነች። ለእነርሱ የወጣው ደንብ ቀላል ነበር፤ ከተማዋ መኪና ያንሳት እንደሆነ አስረዱ ያላቸው የለም። ለብቻዬ ሳስበው የሚያናድደኝ ይህ ነው። አንዱ ሾፌር በችሎት ወንበር ላይ ዓመታት ሲቆጥር፣ ሌላው በካሊፎርኒያ ገንዘብ ታጅቦ በአንድ የምክር ቤት ዘመን ውስጥ ሕግ አስወጣ። ክፋቱ ለኡበር መፈቀዱ አይደለም፤ ለሾፌሩ ያን ያህል ዘመን መከልከሉ ነው።

እኛ በአሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ፖለቲካ ስንል ዓይናችን የሚሄደው ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ አዲስ አበባ ነው። ሰልፍ የምንወጣው፣ ፊርማ የምናሰባስበው፣ ሌሊቱን የምንከራከረው ስለ ሁለቱ ነው። እንጀራችንን የሚወስነው ሕግ ግን በአብዛኛው የሚወጣው በምንኖርበት ግዛት ነው። ታክሲ፣ የነርስ ፈቃድ፣ የምግብ ቤት ፈቃድ፣ የፀጉር ሥራ፣ የቤት ውስጥ መዋለ ሕፃናት፣ ሁሉም እዚያ ነው። ሹሩባ ለመሥራት እንኳን ፈቃድ የሚጠይቁ ግዛቶች ነበሩ። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ሚኒሶታ ይህንን ግዴታ ያነሣችው በ2019 ነው። ከእናቷ ጉልበት ሥር ሆና የተማረችውን ሙያ የ30 ሰዓት ሥልጠና ውሰጂ፣ ተመዝገቢ ትባል ነበር።

የኮሎራዶ ምክር ቤት 100 አባላት አሉት፤ በዓመት 120 ቀን ብቻ ይሰበሰባል። የቀረበ ረቂቅ ሁሉ በኮሚቴ ፊት መታየት አለበት፤ ሊቀመንበሩ መሳቢያ ውስጥ ቀብሮት መቅረት አይችልም። በኮሚቴው ክፍል የሚሆነውን ያየ ሰው ጉዳዩ ይገባዋል። ምስክሩ ስሙ ተጠርቶ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፣ ማይክሮፎኑን ያስጠጋል፣ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት ሰዓት ይቆጠርበታል። ጥቁር ሱፍ የለበሰው የኩባንያ ተወካይ ንግግሩን ሰዓቱ ሲያልቅ ያሳርፋል፤ ልማዱ ነው፣ በየሳምንቱ እዚያ ነው። ሾፌሩ ግን በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነው። ሕጉ ለማን እንደሚያደላ ለማወቅ ከዚህ በላይ ጥናት አያስፈልግም።

ኮሎራዶ አንድ ጥሩ ልማድም አላት። በ1976 ከሌሎች ቀድማ ባወጣችው ሕግ መሠረት ብዙ የቁጥጥር መሥሪያ ቤቶችና የፈቃድ ደንቦች የሚያበቁበት ቀን ተቆርጦላቸዋል። ቀኑ ሲደርስ ጥቅማቸው ይመረመራል፤ ምክር ቤቱ ካላደሳቸው ይቀራሉ። የመንግሥትን ሥልጣን መገደብ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ጩኸት ነው፣ እኔን ግን የሚያሳምነኝ ይህን የመሰለ አሰልቺ አሠራር ነው። አንድን ደንብ «ለምን ኖርክ?» ብሎ በየጊዜው መጠየቅ ደንቡን መጥላት አይደለም።

ነፃነት እያሉ የሚሟገቱ ድርጅቶች የባለጠጎች ገንዘብ አለባቸው የሚለው ወቀሳ ሐሰት አይደለም። የሚመርጡትን ጉዳይ ይመርጣሉ፤ የማይመቻቸውን ያልፉታል። ነገር ግን በዴንቨር ለታክሲ ሾፌሮች መግቢያ ከታገሉት መካከል የሠራተኛ ማኅበርም ነበር፤ በሾፌሮች የተያዙት ዩኒየን ታክሲና ግሪን ታክሲ የተቋቋሙት በእርሱ ድጋፍ ነው። የሠራተኛ ማኅበርና የመንግሥትን ጣልቃ ገብነት የሚቃወሙ ጠበቆች አንዱን በር ከሁለት ወገን ከገፉት፣ እኛ በሰንደቅ ዓላማቸው የምንጨነቅበት ምክንያት አይታየኝም።

የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። ትናንት መንግሥት ከመንገዳችን ይውጣ ያሉ ሾፌሮች ዛሬ ከኡበር ጋር ሲጣሉ መንግሥት ይግባልን ይላሉ። ኮሎራዶ በ2024 ኩባንያዎቹ ከተሳፋሪው ክፍያ ስንቱ ለሾፌሩ እንደሚደርስ እንዲያሳዩ፣ ሾፌርን ከመተግበሪያው ሲያስወጡም ምክንያቱን እንዲነግሩት የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። እኔ ይህን እደግፋለሁ፤ ሁለት ወገን ሲዋዋል ሒሳቡ ይታይ ማለት ገበያን መዝጋት አይደለም። መንግሥት ዋጋውን ራሱ ይቁረጥ ሲባል ግን እጠራጠራለሁ፤ ዋጋ የሚቆርጥ ኮሚሽን ውሎ አድሮ የመኪናውንም ቁጥር ልቁረጥ ይላል፣ ያንን ደግሞ ዴንቨር ከ1947 ጀምሮ አይታዋለች።

ማኅበሮቻችን ለእንቁጣጣሽ አዳራሽ ለመከራየት ወራት ቀደም ብለው ይዘጋጃሉ። በየጥር ወር ለሚከፈተው ምክር ቤት ግን ረቂቆቹን የሚያነብ አንድ ሰው የመደበ ማኅበር አላጋጠመኝም። ድምፅ ለመስጠት ዜግነት ያስፈልጋል። በኮሚቴ ፊት ለመመስከር ግን ዜግነት አይጠየቅም፤ ስምን ማስመዝገብ ይበቃል፤ ከሥራ መውጣት ያልቻለም በቪዲዮ መናገር ይችላል።