ቼክ ኢንጂኗ ዛሬም በራች

ጠዋት መኪናዬን ሳስነሳ ያቺ የሞተር ችግር የምትጠቁም ቢጫ መብራት ቁጭ ብላለች። የሁለት ወር ደሞዜን ከፍዬ ካታሊቲክ፣ ያንን የጭሱን መርዝ የሚቀንሰውን ዕቃ፣ ካስቀየርኩ ገና አራት ወር ቢሞላው ነው!

ያኔ የሆነውን ልንገራችሁ። የጋራዡ ልጅ ኮምፒውተሩን ሰካ፣ ፒ0420 የሚል ኮድ አወጣ፤ ካታሊቲኩ በደንብ አይሠራም ማለት ነው። «ጋሼ፣ ካታሊቲኩ ሞቷል፣ ይቀየር» አለኝ። በቃ። በምን ሞተ ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም፣ ምን አውቄ። ጓደኛው ደግሞ ረከስ ያለ አማራጭ አመጣልኝ። «ሆዱን አውጥተን ባዶውን እንበይደዋለን። ከኋላው ሆኖ ጭሱን የሚለካውን ሴንሰር ትንሽ ወደ ውጭ ገፋ እናደርገውና እናታልለዋለን።» ጭሱን የሚተነፍሱት ልጆቻችንስ፣ እነሱንም ልናታልል ነው? እምቢ ብዬ አዲስ አስገዛሁ። ጨዋ የሆንኩ መስሎኝ።

ዛሬ ሌላ ጋራዥ ሄድኩ። አንድ ጠና ያሉ መካኒክ ናቸው። ኮምፒውተር እንኳ ሳያነሱ «ስትነዳት ትንገጫገጫለች? ዘይትስ ትጨምራለህ?» አሉኝ። ትንገጫገጫለች። የመንገዱ ይመስለኝ ነበር፣ በኛ መንገድ ማን ይለየዋል? ከስር ገብተው በጎማ መዶሻ መታ መታ ሲያደርጉት ኮሽ ኮሽ አለ፣ ጠጠር እንደያዘ ጣሳ። ፈተው ባትሪ አብርተው አሳዩኝ። ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን ጥቅጥቅ ያለ ቀዳዳ መሆን ነበረበት። መሃሉ ቀልጦ ሊጥ ሆኗል።

ገዳዩ አንድ የተሰነጠቀ ኮይል ነው፣ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ዕቃ። ኮይሉ እሳት ካልሰጠ ቤንዚኑ ሳይቃጠል ወደ ጭስ ማውጫው ያልፋል፣ ካታሊቲኩ ውስጥ ገብቶ ይቀጣጠላል። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ የትኛው ሴራሚክ ይችለዋል? አሮጌውንም አዲሱንም የበላው ያው ኮይል ነው። ካንዴላና ኮይል ማየት እኮ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው! ቀድመው እሱን ቢያዩልኝ ብሬ ኪሴ ውስጥ ነበር።

በዚያ ላይ የመጀመሪያው ጋራዥ ልጆች አሮጌውን ጋስኬት፣ መጋጠሚያውን የሚደፍነውን፣ ነው መልሰው የገጠሙት። መጋጠሚያው ዙሪያውን ጥቁር ጥላሸት ለብሷል። እዚያ ጋ አየር ከሳበ ሴንሰሩ የተሳሳተ ነገር ያነባል፣ ኮምፒውተሩም ቤንዚኑን አዛብቶ ይለቃል። ብሎኖቹም ሁለቱ ብቻ ናቸው የጠበቁት።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው፣ ከመኪናዋ ጋር የመጣው ኦሪጅናሉ የታለ? የመጀመሪያው ጋራዥ ደውዬ ጠየቅኩ። «እሱማ ቆሻሻ ነው ጋሼ፣ ያኔውኑ ጣልነው።» ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የሚባሉ ውድ ማዕድናት ያሉበትን ዕቃ ጣሉት! የት እንደጣላችሁት ንገሩኝና እኔው ሄጄ ላንሳው ስል ስልኩ ተዘጋ።