ተሰጥቶ የተወሰደ ገንዘብ

የሚያንገበግበኝ ከተማችን ለቤት መሥሪያ ገንዘብ ማጣቷ ሳይሆን፣ እጇ የገባውን ሳትጠቀምበት ማስወሰዷ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የአሜሪካ የቤቶች ሕግ የተቋቋመው «ሆም» የተሰኘው የፌዴራል ፕሮግራም ለከተሞች ገንዘብ ሲያከፋፍል የሚጠይቀው ግልጽ ነው፦ ገንዘቡ በ24 ወራት ውስጥ፣ ተለይቶ ለታወቀ ፕሮጀክት በተፈረመ ውል መያዝ አለበት። በዚያ ጊዜ ቤቱ ተሠርቶ ይለቅ ያለ የለም፤ ለግንባታው ሌላ አራት ዓመት ተፈቅዷል። የተጠየቀው ፊርማ ነው!

ቀድሞ የየዓመቱ ድልድል ተደምሮ ይቆጠር ስለነበር የአንዱ ዓመት ቸልተኝነት በሌላው ይሸፈን ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ድልድል ጀምሮ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይታያል። ኮንግረስም የሁለት ዓመቱን ገደብ ለጊዜው ያነሳባቸው ዓመታት አሉ፤ ይህን የመሰለ ምሕረት ለእኛ ለተከራዮች ማን አድርጎልን ያውቃል? ኪራይ አምስት ቀን ሲያልፍ ቅጣት ይጨመርብናል።

የከተማው ምክር ቤት አጀንዳ ላይ ያው ባዶ ቦታ፣ ያው አልሚ፣ ያው «ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል» የሚል መስመር ሲመላለስ አይቻለሁ። የመሬት ጉዳይ መምሪያው የሕግ ክፍሉን ይጠብቃል፣ የሕግ ክፍሉ ደግሞ ባንኩን፤ ቀኑ ሲያልፍ ሁሉም «የአሠራር ክፍተት» ይላሉ። ክፍተት የተባለው ነገር ስም ያለው ኃላፊና የፊርማ ሥልጣን ነበረው፤ እስከ ዛሬ የተጠየቀ ሰው ግን አልሰማሁም። የቤት ተጠባባቂዎች ዝርዝርም ለአዲስ አመልካች እንደተዘጋ ነው።