«ጊዜው ስላለፈ ተወግዷል»

ከ11 ዓመት በፊት ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል። አሁን የሚያየኝ ሐኪም ያኔ ምን እንደወጣና ምን እንደቀረ ማወቅ ፈለገ። ሆስፒታሉ ሄጄ ማኅደሬን ጠየቅሁ። «የማቆያ ጊዜው ስላለፈ ተወግዷል» አሉኝ። ማንን አስፈቅደው? ከመወገዱ በፊት «መጥተህ ውሰድ» የሚል አንድ መስመር የጻፈልኝ የለም! የገዛ ሰውነቴ ታሪክ ነው እኮ!

ወደ ኢንሹራንስ ኩባንያው ዞርሁ። እዚያ የተገኘው የካሳ ጥያቄ መዝገብ ቀኑን፣ የበሽታውን መለያ ቁጥርና የተከፈለውን ገንዘብ ይናገራል፤ ሐኪሙ ከፍቶ ያየውን ግን አይናገርም።

ሕጉ ደግሞ እንደየአገሩ ነው። ጀርመን ሕክምናው ካበቃ በኋላ 10 ዓመት ታስቀምጣለች። እንግሊዝ የአዋቂን የሆስፒታል ማኅደር በአብዛኛው 8 ዓመት፣ የሕፃንን 25 ዓመት እስኪሞላው ታቆያለች። አሜሪካ ውስጥ ሂፓ የተባለው እ.ኤ.አ. የ1996 የጤና መረጃ ጥበቃ ሕግ ማኅደርን 6 ዓመት ያስጠብቃል ብሎ የሚያምን ብዙ ነው። ስህተት ነው! 6 ዓመቱ ተቋማቱ ሕጉን ስለማክበራቸው ለሚይዟቸው መመሪያዎችና ሰነዶች ነው፤ የማኅደሩን ዕድሜ በዋናነት የሚወስኑት ክፍለ ግዛቶቹ ናቸው። ታማሚ ይህን ሁሉ ከየት ይወቅ?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የኢንሹራንስ ቅጹ ነው። «ከዚህ በፊት የነበረ ሕመም» ይላል፤ አንዱን ብረሳ ካሳው ሊከለከል ይችላል። እኔ መርሳት አይፈቀድልኝም፤ የጻፉት ሰዎች ግን ወረቀቱን ቀደው ይጥላሉ። ከእንግዲህ ግልባጩን በእጄ ሳልይዝ ከሕክምና ቤት በር አልወጣም።