«ቲ3» ብቻ የሚል የኤምአርአይ ውጤት ግማሽ መልስ ነው

የሬክተም ካንሰር፣ ማለትም የትልቁ አንጀት የመጨረሻ ክፍል ካንሰር፣ ያለበት ሰው የኤምአርአይ ውጤቱን ሲቀበል በመጀመሪያ የሚፈልገው ደረጃውን ነው። ወረቀቱ ላይ «ቲ3» የሚል ያገኛል። ዕጢው የአንጀቱን የጡንቻ ግድግዳ አልፎ በዙሪያው ወዳለው ስብ ገብቷል ማለት ነው። ሪፖርቱ በዚህ ካበቃ፣ በእኔ እምነት ሥራው ገና አልተሠራም። ምስሉ የዕጢውን ጠባይ ጭምር ይናገራልና፤ ይህን አለመጻፍ ያዩትን መደበቅ ነው።

ከጡንቻው 1 ሚሊ ሜትር የወጣ ዕጢም 10 ሚሊ ሜትር የወጣ ዕጢም እኩል ቲ3 ይባላሉ። የመጀመሪያው ግድግዳውን ካላለፈ ዕጢ ብዙም የማይለይ ተስፋ አለው። ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ የዘለቀው ግን ከሕክምና በኋላ የመመለስና ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የመዛመት ዕድሉ በግልጽ ከፍ ይላል። ይህን ጥልቀት ለመለካት ቀዶ ጥገናውን መጠበቅ አያስፈልግም። መርኩሪ የተባለው የአውሮፓ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 እንዳሳየው፣ በኤምአርአይ የተለካው ጥልቀትና በፓቶሎጂ፣ ማለትም የወጣውን አካል በመመርመር፣ የተገኘው ልኬት በአማካይ በግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት ውስጥ ይገናኛሉ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የደም መልሶች ጉዳይ ነው። ካንሰር ከአንጀቱ ውጭ ባለ ደም መልስ ውስጥ ከገባ ወደ ጉበትና ወደ ሳንባ የሚወስደውን መንገድ አገኘ ማለት ነው። ጤናማ ደም መልስ ደሙ እየፈሰሰበት ስለሆነ ምስሉ ላይ ጠቆር ብሎ ይታያል፤ ዕጢ የገባበት ግን ይሰፋል፣ ጠርዙ ይጎረብጣል፣ ውስጡም የዕጢውን ግራጫ መልክ ይይዛል። ከዕጢው ገጽ የሚወሰድ የባዮፕሲ ናሙና ይህን ሊነግረን አይችልም፤ ናሙናው የተቆነጠረው ከአንጀቱ ውስጠኛ ክፍል ነው፣ ነገሩ ያለው ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ነው። ለዚህ ነው ስለ ደም መልሶች አንድም ቃል የሌለበትን ሪፖርት ሳነብ የምቆጣው።

ሦስተኛው ዕጢው ከቀዶ ጥገናው ጠርዝ ያለው ርቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የፓቶሎጂ ሐኪሙ ፊል ኩዌርክና ባልደረቦቹ በቀዶ ጥገና የወጣውን አካል በስሱ እየቆራረጡ ሲመረምሩ፣ ካንሰሩ የጎን ጠርዙን በነካባቸው ሰዎች ላይ በሽታው በአብዛኛው በዚያው ቦታ እንደሚመለስ አሳዩ። ቀዶ ሐኪሙ ቢል ሂልድ ያስፋፋው ቀዶ ጥገናም ሬክተሙን በዙሪያው ካለው ስብና ስቡን ከሸፈነው ስስ ሽፋን ጋር ሳይቀደድ ማውጣት ነው። ዕጢው ለዚህ ሽፋን 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ባነሰ ርቀት ከቀረበ ጠርዙ አደጋ ላይ ነው ይባላል። ቀዶ ሐኪሙ ይህን ቢላዋ ከማንሳቱ በፊት ማወቅ አለበት።

በንፍፊቶች፣ ማለትም በሊምፍ ኖዶች፣ ላይ ግን ኤምአርአይ ያን ያህል አይታመንም። ትንሹ ካንሰር ሊይዝ፣ ትልቁ በመቆጣት ብቻ ሊያብጥ ይችላል። ከመጠን ይልቅ የንፍፊቱ ጠርዝ መጎርበጥና የውስጡ መዘበራረቅ የተሻሉ የካንሰር ምልክቶች ናቸው። የውኃ ቅንጣቶችን እንቅስቃሴ የሚለካው የምስል ዓይነት የዕጢውን ጠበኛነት በቁጥር ይገልጻል የሚል ተስፋ አለ። ቁጥሩ ግን ከመሣሪያ መሣሪያ ስለሚለያይ ብቻውን ውሳኔ ሊሰጥበት አይገባም።

ይህ ሁሉ ዝርዝር ለምን ያስፈልጋል? ከቀዶ ጥገና በፊት የሚሰጥ የጨረር ሕክምና አካልን ዋጋ ስለሚያስከፍል ነው። ሰገራን የመቆጣጠር አቅምን፣ የወሲብ ሕይወትንና የመውለድ ተስፋን ሊነካ ይችላል። ጥልቀቱ አነስተኛ፣ ደም መልሶቹ ንጹሕ፣ ጠርዙም ሩቅ የሆነለት ሰው «ቲ3» ስለተባለ ብቻ ይህን ሊሸከም አይገባም። በአንጻሩ ደም መልሱ የተወረረበት ሰው ከቀዶ ጥገናው በፊት ኬሞቴራፒ ጭምር ሊያስፈልገው ይችላል፤ እሱን ደግሞ በቀጥታ ወደ ቀዶ ጥገና መላክ ጥፋት ነው።

እንዲህ ያለ ንባብ ጥሩ ምስል ይፈልጋል፤ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸውና ዕጢው ባለበት ቦታ አንጀቱን ቀጥ ብለው የሚያቋርጡ ቅንጣቢዎች። አንግሉ ከተዛባ ግድግዳው ይደበዝዛል፣ ያልወጣ ዕጢም የወጣ ይመስላል። ምስሉ እንዲህ ሆኖ ከመጣ በግምት ከማንበብ ይልቅ ታካሚውን ይቅርታ ጠይቆ ምርመራውን መድገም ይሻላል። ኤምአርአይ ጨረር የለውም፤ የሚጠፋው ጊዜ ብቻ ነው።