ጀሞን ከአራተኛ ፎቅ እዩት

ስለ ቤት ዋጋ ያወጣችሁት ጽሑፍ የአዲስ አበባው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ዋጋ የናረው አካባቢው ስላደገ ነው ይላል። በከፊል እውነት ነው። አስፋልቱም ባንኩም በዝቷል። ግን እኛ ተከራዮች የምናየው ሌላም ነገር አለ።

«ጀሞ አንድ» በሚባለው ሳይት አራተኛ ፎቅ ላይ ስኖር ስምንት ዓመቴ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው። ሲመጣም እኛ ጋ አይደርስም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ምድር ወርጄ ቢጫ ጀሪካን እደረድራለሁ። ሊፍት የለም፤ ሃያ ሊትሩን ተሸክሜ ስወጣ የእጀታው ሰምበር መዳፌ ላይ እስኪነጋ ይቆያል። ከጎናችን ያሉት እማማ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። የእሳቸውን የብሎኩ ልጆች በየተራ ያወጡላቸዋል፤ ተባረኩ።

ፒያሳና ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ብዙ ተከራይ እንደ ጀሞ ወዳሉ የከተማው ዳር ሰፈሮች ወጣ። ደላላው ይህን አሳምሮ ያውቃል። «ዛሬ ካልያዝካት ነገ የለችም» ይልሃል።

አከራዬ አምና የስድስት ወር ቅድሚያ ጠየቀኝ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም ቢያንስ የሁለት ዓመት እንዲሆን ይደነግጋል። ይህንን ስነግረው «እንግዲያው ልቀቅ» አለኝ። ሦስት ልጅ ይዤ የት ልሂድ? ተበድሬ ከፈልኩ። አሁንም ዕዳውን አልጨረስኩም።

እባካችሁ በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ሻጭና ደላላን ብቻ አታናግሩ። ወረዳም ሄዳችሁ ከእኛ ሰፈር ስንት የኪራይ ውል እንደተመዘገበ ጠይቁልን።