ፎርማት ከማድረጋችን በፊት እንመልከት

«ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ ያልሰማ ባለጉዳይ በጅማ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። እኔን ይበልጥ የሚያስቆጨኝ ግን ከመልሱ በኋላ የሚሆነው ነው። ባለሙያ ይጠራል፤ ባለሙያውም ማሽኑ በዚያች ሰዓት ምን እየሠራ እንደሆነ ሳይመለከት «ቫይረስ ነው» ብሎ ዲስኩን ጠርጎ ፎርማት ያደርገዋል፤ ችግሩ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ «አርጅቷል፣ አዲስ ይገዛ» ይባላል። በዚህ ሙያ የምንተዳደር ሰዎች ይህን ልማድ መተው አለብን፤ ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያም፣ ማሽኑ በሰዓቱ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየው ኤችቶፕ የተባለ ፕሮግራም፣ በነጻ የሚገኝ ነው።

በአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሰሞን፣ በዩኒቨርሲቲው አካባቢ ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ የምትሠራ እኅት ጠራችኝ። የተማሪዎቹ ፋይል የሚቀመጥበት ኮምፒውተር በኡቡንቱ (የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና ዓይነት) የሚሠራ አሮጌ ማሽን ሲሆን፣ አንድ ፋይል ለመክፈት ደቂቃዎች ይፈጅበት ስለነበር ተማሪዎቹ ፍላሻቸውን ይዘው በር ላይ ተሰልፈዋል። «አዲስ ግዢ ብለውኛል፤ ልግዛ ወይስ ልታገስ?» አለችኝ። ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን ተርሚናል ከፍቼ ኤችቶፕን አስነሣሁ። ፕሮሰሰሩ ባለ 2 ኮር ነው፤ የሁለቱም መስመር ባዶ ለማለት ጥቂት ቀርቶታል፣ የሥራ ጫናውን አማካይ የሚያሳየው ቁጥር ግን ከ7 በላይ ነበር። ነገሩ የሚጋጭ ይመስላል፤ ሆኖም ሊኑክስ በዚህ ቁጥር ውስጥ ፕሮሰሰር ለማግኘት ተራ የሚጠብቁትን ብቻ ሳይሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዲስክ መልስ እየጠበቁ ባሉበት የቆሙትንም ፕሮሰሶች (በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞች) ይቆጥራል። የፕሮሰሶቹን ሁኔታ በሚያሳየው ዓምድ ላይም የዚህ ዓይነቱ ጥበቃ ምልክት የሆነው «ዲ» ፊደል ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ አየሁ። ዲስኩ ስለ ራሱ የሚይዘውን መዝገብ ስናነብ ሊነበቡ ያልቻሉ ሴክተሮች (የዲስኩ ትንንሽ ክፍልፋዮች) ተገኙ። ፋይሎቹን አስቀድመን ገልብጠን ሃርድ ዲስኩን ብቻ ቀየርን፤ ማሽኑ እስካሁን ይሠራል። ያን ዕለት ፎርማት ተደርጎ ቢሆን ኖሮ የተማሪዎቹ የወራት ድካም ይጠፋ ነበር፣ ዲስኩም እንደታመመ ይቀር ነበር።

መሣሪያው አዲስ ነገር አይደለም። ቀዳሚውን፣ ቶፕ የተባለውን፣ ዊልያም ለፌብቨር እ.ኤ.አ. በ1984 ጻፈው፤ ኤችቶፕን ደግሞ ብራዚላዊው ሂሻም መሐመድ በ2004 አወጣው። ሁለቱም በሊኑክስ ላይ መረጃቸውን የሚያነብቡት ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ፕሮክ በተባለው ማውጫ ሥር ከሚያቀርበው ነው።

እርግጥ ነው፣ ማየት ብቻውን አይበቃም፤ የሚታየውን ማንበብም ያስፈልጋል። የሜሞሪው መስመር በቢጫ ተሞልቶ ሲያዩ «ራም አልቋል» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ቢጫው ግን ሊኑክስ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠውን ሜሞሪ ከዲስክ ላነበባቸው ፋይሎች ማቆያ እንዳደረገው የሚያሳይ ነው፤ ፕሮግራሞች ቦታ ሲጠይቁ አብዛኛው ይለቀቅላቸዋል። በተለመደው የቀለም አሰጣጥ በእውነት የተያዘው አረንጓዴው ነው። ይህን ባለመለየት ብቻ ያለአስፈላጊነቱ ስንት ራም ተገዝቶ ይሆን? የጫናው 3 ቁጥሮችም እንዲሁ በአንድነት መነበብ አለባቸው፤ ያለፈውን 1፣ 5 እና 15 ደቂቃ አማካይ ስለሚናገሩ፣ ችግሩ እየባሰ ወይም እየቀለለ መሆኑን የምናውቀው እርስ በርስ በማነጻጸር ነው።

መስኮትና ምስል ያለው መከታተያ ይሻላል የሚሉኝን አከብራለሁ፤ ለጀማሪ ዓይን ይቀልላል። ነገር ግን ተርሚናል የሚልከው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ፣ ኔትወርክ በሚደክምበት ሰዓት እንኳ በስልኬ ዳታ ከቤቴ ሆኜ በከተማው ሌላኛው ጫፍ ያለ ሰርቨር ውስጥ ገብቼ አየዋለሁ። ማሽኑን የያዘውን ፕሮሰስ ለይቶ በኤፍ9 ቁልፍ ማስቆምም ይቻላል፤ ያን ጊዜም በኃይል ከመግደል አስቀድሞ ሥራውን ዘግቶ እንዲወጣ የሚጠይቀውን 15 ቁጥር ምልክት መላክ ይገባል።

በጅማ የኮምፒውተር ጥገና ለሚያስተምሩ አሠልጣኞች ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው። ጤነኛ ማሽን ምን እንደሚመስል ያላየ ሠልጣኝ የታመመውን መለየት ስለሚቸግረው፣ ፎርማት ማድረጊያ ፍላሽ ከመያዙ በፊት በደህና ማሽን ላይ ኤችቶፕን ከፍቶ ለአንድ ሳምንት ያህል ቁጥሮቹን በደብተሩ ይጻፍ፦ ጠዋት ሥራ ሲጀመር፣ ቀትር ላይ ሰው ሲበዛ፣ መብራት ጠፍቶ ተመልሶ ማሽኑ እንደገና ሲነሣ።