ምች በደሴ፣ ሄርፒስ በቨርጂኒያ

የእጮኛዬ አጎት ስልኩን ከእጇ ተቀብለው «የኔ ልጅ፣ ቅር እንዳይልህ» ብለው ጀመሩ። በእኛ አገር «ቅር እንዳይልህ» ተብሎ የተጀመረ ወሬ ቅር ሳያሰኝ አልቆ አያውቅም። «ሙሉ ምርመራ አድርገህ ወረቀቱን ይዘህ ና። ኤችአይቪ ብቻ እንዳይመስልህ፣ ሁሉንም። እናንተ ያላችሁበት አገር ያለውን በሽታ እኛ ስሙንም አናውቀው።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ምን እላለሁ? ደሴ ተወልጄ ሸዋ በር ያደግሁ ልጅ ነኝ። ለጋብቻ የደም ምርመራ ወረቀት እንደሚጠየቅ አውቃለሁ። ቤተ ክርስቲያኑም ይጠይቃል፣ መስጊዱም ይጠይቃል። ወረቀቱ አልከበደኝም። ጉድ የሠራችኝ «ሁሉንም» የምትለው ቃል ናት።

ይሄ የሆነው በፈረንጆቹ 2023 መጨረሻ ነው። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ኡበር እነዳለሁ። አንድ ክሊኒክ ሄጄ ነርሷን «ሁሉንም መርምሪኝ» አልኳት። ጨብጥ፣ ክላሚዲያ፣ ቂጥኝ፣ ኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረስ ብላ ቆጠረችልኝ።

«ሄርፒስስ?» አልኩ። ስሙን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፤ ከቴሌቪዥን ማስታወቂያ ይሆናል። ውሃ የቋጠረ ቁስል የሚያወጣ፣ በግብረ ሥጋም የሚተላለፍ ቫይረስ ነው።

«ቁስል አለህ? ውሃ የቋጠረ ነገር?»

«የለኝም።»

«ምልክት ለሌለው ሰው አንመረምርም።»

እዚህ ላይ ሐበሻነቴ ተነሳ። እስቲ ፍረዱኝ። የኢንሹራንሱ ብር በየወሩ ከሂሳቤ ይቆረጣል። ታዲያ «አያስፈልግህም» ስባል ሊቆጥቡብኝ ነው እንጂ ሌላ ምን ይመስለኛል? አገር ቤት ደም ሳንሰጥ፣ መርፌ ሳንወጋ፣ መድኃኒት በፌስታል ሳንይዝ ከወጣን ታከምን አንልም። ነርሷ ልታስረዳኝ ሞከረች። የደም ምርመራው ብዙ ጊዜ ያሳስታል አለችኝ። አልሰማኋትም። «አጎቷ ሁሉንም ብለዋል» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። በመጨረሻ ከኪሴ ከፍዬ ተመረመርኩ። መከራዬን በራሴ ብር ገዛሁ ማለት ነው።

ውጤቱ በሦስተኛው ቀን መጣ። ሬገን ኤርፖርት ተራ ይዤ መንገደኛ እየጠበቅሁ ነበር። ስልኬ ጮኸ፣ ከፈትኩት። ኤችአይቪ ነፃ። ቂጥኝ ነፃ። ሌላውም ነፃ። ወደ ታች ስወርድ ሁለት መስመር በቀይ። ሄርፒስ ዓይነት 1፣ ፖዚቲቭ። ሄርፒስ ዓይነት 2፣ ፖዚቲቭ፣ 1.7። በቃ ይሄው ነው። የሚያስረዳ ሰው የለም። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ነው፣ ክሊኒኩ ዘግቷል። ከኋላዬ ያለው ሾፌር «ተንቀሳቀስ» እያለ ክላክስ ያንባርቅብኛል።

እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ ይሄ ነው። ደሴ ጤና ጣቢያ ሄደህ ኤችአይቪ ስትመረመር፣ ደም ሳትሰጥ በፊት አንዲት ሲስተር ቁጭ አድርጋ ታናግርሃለች። ውጤቱንም ፊት ለፊትህ ተቀምጣ ነው የምትነግርህ። ወንበሩ የተሰበረ ሊሆን ይችላል፣ ሰው ግን አለ። እዚህ ወንበሩ ደህና ነው፣ ሰው የለበትም። ቀይ መስመር ልከውልህ ይተኛሉ።

መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ በራሴ ላይ ምርመራ ከፈትኩ። ከማን ነው? መቼ ነው? ደሙ ይሄን አይናገርም። የደም ምርመራው የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። አምና ይያዝህ ከ20 ዓመት በፊት አያውቅም። አፍ ላይ ይሁን ብልት ላይም አይለይም። እኔ ግን ጥፋተኛ ፈለግሁ። ስምንት ዓመት ያልደወልኩላትን ሴት ደወልኩላት። «እንዴት ነሽ፣ ጠፋሁ አይደል» ብዬ ጀምሬ ሄርፒስ ላይ ደረስኩ። ለትንሽ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም። ስልኩንም ዘጋች፣ ቁጥሬንም ዘጋች።

እጮኛዬን መደበቅ አልቻልኩም። በኢሞ ነገርኳት። «ሄርፒስ የሚባል ነገር አለብህ ተባልኩ» አልኳት።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

ስልኳን ነካክታ ትንሽ ቆይታ መጣች። «አልማዝ ባለጭራ ነው እንዴ? እሱማ እናቴንም ወጥቶባት ነበር።»

አልማዝ ባለጭራ አይደለም። የዘመድ በሽታ ነው፣ ቫይረሱ ግን ሌላ ነው፤ ያኛው በልጅነት የያዘ የጉድፍ ቫይረስ ሰውየው ጎልማሳ ሲሆን ተመልሶ የሚያመጣው ጣጣ ነው። ይሄን በማታ፣ በሚቆራረጥ ኔትወርክ፣ ለምታገባት ልጅ ማስረዳት ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። «ለጋሼ አልነግራቸውም» ብላ ዘጋችው። በዚያ ሌሊት ከሰማሁት ደግ ነገር ይሄ ብቻ ነበር።

በሳምንቱ ሐኪም ጋ ደረስኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ አይቸኩሉም። ወረቀቱን አገላብጠው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ማን ነው ተመርመር ያለህ?» ነው። የደሴውን አጎት እንዴት አድርጌ ላስረዳቸው!

የ1.7ን ነገር፣ በብዛት ብልት ላይ የሚወጣውን የዓይነት 2ን ቁጥር ማለት ነው፣ እንዲህ አስረዱኝ። ቁጥሩ ከ1.1 ካለፈ ማሽኑ ፖዚቲቭ ይላል። ከ3 በታች ከሆነ ግን በሌላ ምርመራ ሳይረጋገጥ አይታመንም። አሜሪካ ውስጥ ለጤነኛ ሰው የትኛው ምርመራ እንደሚበጅ የሚመዝን የባለሙያዎች ግብረ ኃይል አለ። ይሄ ግብረ ኃይል በፈረንጆቹ 2016 ምልክት ለሌለው ሰው የሄርፒስ የደም ምርመራ አይደረግ አለ። ለነፍሰ ጡርም ቢሆን። በ2023 ያንኑ ደገመ። ምክንያታቸውን ሐኪሙ በወረቀት ላይ ጻፉልኝ። ከ100 ሰው 15ቱ ዓይነት 2 ካለበት ሕዝብ ውስጥ 10,000 ሰው ይመርመር። 1,485 ሰው በትክክል ፖዚቲቭ ይባላል። ሌላ 1,445 ሰው ምንም ሳይኖረው ፖዚቲቭ ይባላል። ዘውድ ወይስ ጎፈር ብሎ ሳንቲም እንደ መወርወር ነው። እኔ ለዚች ሳንቲም ነው ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የደወልኩት።

«ዓይነት 1ዱ ግን እውነት ሳይሆን አይቀርም» አሉኝ። «ልጅ ሳለህ ከንፈርህ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ይወጣብህ ነበር?»

ይወጣብኝ ነበር ወይ? አሁንም ይወጣብኛል! ምች ነዋ!

ብቻዬን ሳቅሁ። ሐኪሙ ግራ ገባቸው። አያቴ ትዝ አለችኝ። «ቁሌት ሸቶህ ፀሐይ ላይ አትውጣ፣ ምች ይመታሃል» ትል ነበር። ከመታኝ ደግሞ ከአጥሩ ዳማከሴ ቀንጥሳ በመዳፏ አሽታ ታሸተኛለች፣ ጭማቂውን ቡና ላይ ጠብ አድርጋ ታጠጣኛለች። በሳምንቱ ከንፈሬ ይደርቃል። መቼም ዳማከሴው ነው እንላለን፤ ሳይነኩትም በራሱ ጊዜ ይደርቃል። ፀሐዩም ሐሰት አይደለም። ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል፣ ፀሐይና ትኩሳት ይቀሰቅሱታል። አያቴ ቀስቃሹን ይዛለች፣ የተኛውን ነው ያላየችው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ50 ዓመት በታች ካለው የዓለም ሕዝብ 64 በመቶው ዓይነት 1 አለበት፤ 3.8 ቢሊዮን ሰው ገደማ ማለት ነው። ብዙው የሚይዘው በልጅነቱ፣ ከቤተሰቡ ምራቅ ነው። ለዚህ ነው በቀይ የጻፉልኝ።

ለዓይነት 2 ደሜ ወደ ሲያትል፣ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተላከ። ዌስተርን ብሎት የሚባል የጠነከረ ምርመራ አለ። ሳምንታት ፈጀ። በዚያ መሀል አጎትዬው ሁለት ጊዜ ደውለው «ውጤቱስ?» አሉኝ። ሁለቴም መንገድ ላይ ነኝ ብዬ ዋሸሁ። በመጨረሻ መጣ፤ ዓይነት 2 የለብህም። ይቅርታ ልጠይቅ ወደዚያች ሴት ደወልኩ። አሁንም ዝግ ነኝ።

አሌክሳንድሪያ ቡና ላይ ይሄን ሳወራ አንዱ ጓደኛዬ ተቆጣ። «አለማወቅ ይሻላል ነው የምትለው?» አለኝ። አላልኩም። ዓይነት 2 ያለበት ሰው ለኤችአይቪ ያለው ተጋላጭነት በሦስት እጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ ቀልድ አይደለም። ባል ወይ ሚስት ካለባቸው፣ ሌላኛው ሐኪም አማክሮ ቢመረመር ያምራል። ያለበት ሰው በየቀኑ ክኒን ቢወስድ ማስተላለፉን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ቁስል ሲወጣ ደግሞ ከራሱ ከቁስሉ ናሙና ይወሰዳል፣ እሱ ከደሙ ይልቅ ይታመናል። እኔ የምጣላው ደህና ሰው በመጣ ቁጥር ከሌላው የደም ምርመራ ጋር ይሄንንም ቀላቅሎ መመርመር ካልሆነ ከሚሉት ጋር ነው። ቂጥኝ ተገኘብህ ቢሉህ ፔኒሲሊን አለ፣ ድነህ ትሄዳለህ። ይሄኛው ተገኘብህ ቢሉህ የሚያድን የለም፣ ሕመም የለህም፣ የሚሰጡህ ሐሳብ ብቻ ነው። እሱም ግማሹ የሐሰት ሊሆን ይችላል።

ደሴ ነርስ የሆነች የአክስቴ ልጅ አለችኝ። ስለ ናሙናው ስነግራት ሳቀች። «እኛ ቁስል ይዞ የመጣን በምልክቱ ነው የምናክመው። ፔኒሲሊን እንወጋዋለን፣ አሲክሎቪር እንሰጠዋለን፣ ቂጥኝም ቢሆን ሄርፒስም ቢሆን እንዳያመልጠን። ግን ማን ይመጣል? ሰው እኮ ለዚህ ነገር መድኃኒት ቤት ነው የሚሄደው፣ ያውም መሽቶ፣ ያውም ለጓደኛዬ ነው ብሎ።» ይሄ ደግሞ የኛ ጉድ ነው። አሜሪካ ምንም የሌለበት ሰው ካልመረመራችሁኝ ይላል፣ ደሴ ቁስል የያዘ ሰው ይደበቃል።

ጥር ላይ ኮምቦልቻ አረፍኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሐረጎን ወጥተን ደሴ ስንገባ ጦሳ ጉም ለብሷል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ወረቀቴን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ለአጎትዬው አቀረብኩ። መነጽራቸውን አደረጉ። ሄርፒስን አላዩትም። ኤችአይቪንም አልፈለጉትም። ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ፣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩ።

«ማኅተሙስ?»

«አሜሪካ ማኅተም የለም ጋሼ። በኮምፒውተር ነው።»

«ማኅተም የሌለው ወረቀት ምኑን ወረቀት ሆነ?»

በማግስቱ ከእጮኛዬ ጋር በባጃጅ ጤና ጣቢያ ሄድን። ከረፋዱ በፊት ጨረስን። ክብ ማኅተም ተመታበት፣ ሐምራዊ። ሁሉም ደስ አላቸው። ስንት ዶላርና ስንት እንቅልፍ ያጣሁበት «ሁሉንም» እዚያው ባጃጅ ውስጥ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ከንፈሬ ላይ ወጣ። አማቴ ሊሆኑ ያሉት ሴትዮ አይተው «ውይ! የኮምቦልቻ ፀሐይ መታህ» አሉና ጓሮ ገብተው ዳማከሴ ይዘው መጡ። አጎትዬው ራሳቸው «አብሽር፣ ምች ነው» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። በቀይ የተጻፈው ነገር እፊታቸው ከንፈሬ ላይ ተቀምጧል፣ ማንም ግን አልደነገጠም።

በዚያው ቀን የእጮኛዬ እህት አራስ ስለነበረች ልንጠይቃት ሄድን። ልጁ አሥራ ሁለት ቀኑ ነው። እንኳን ማርያም ማረችሽ ብለን ገንፎው ቀረበ። ከዚያ ሕፃኑን አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት።

«ሳመው እንጂ!»

ሽማግሌው ሐኪም ከብዙ ወሬያቸው መሀል ድምፃቸውን ጠንከር አድርገው የነገሩኝ አንድ ነገር ነበር። ከንፈርህ ላይ ሲወጣ አራስ ልጅ አትሳም። አዋቂ ላይ ከንፈር የሚያቆስለው ነገር ጨቅላ ላይ አንጎልና ጉበት ሊገባ፣ ሊገድልም ይችላል። እጅህን ሳትታጠብም አትንካው።

«አልስመውም» አልኩ።

ቤቱ ጸጥ አለ። አያትየው ሕፃኑን ከእጄ ተቀበሉ። «ቁስሉ ይጋባል፣ ለሱ ክፉ ነው» ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። «ምች ነው ያልነው እኮ!» አለች አንዲት ጎረቤት። «ምች ከመቼ ወዲህ ነው የሚጋባው?» ሌላዋ ቀስ ብላ፣ እንድሰማ አድርጋ፣ «አሜሪካ ኖሮ ተጸየፈን» አለች።

ከኪሴ ብር አውጥቼ ልጁ የተጠቀለለበት ጨርቅ ውስጥ ሻጥ አደረግሁ። እጮኛዬ ብቻ ከንፈሬን አየችኝ፣ ከዚያ ሕፃኑን አየችው። ተነስታ ከአያትየው ተቀበለችና ወደ ጓዳ ይዛው ገባች።